ቀን ያልተቆረጠለት ብድር

አርዲቦ ሐይቅን ቁልቁል በሚያየው መንደር ውስጥ ፈዲላን የማያውቃት የለም። ጨው ያለቀበት፣ ክብሪት የጠፋበት፣ የታመመ ልጁን ሐይቅ ከተማ ለማድረስ የባጃጅ ሒሳብ ያጣ ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሷን በር ነው። ሀብታም ስለሆነች አይደለም። ካላት "አለ" ስለምትል ነው። ሲያንሳት ደግሞ "ግማሹ ይበቃሃል ወይ?" ትላለች እንጂ ከደጇ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው የለም።

ባሏ ኑርዬ የሞተው ልጃቸው ሀፊዛ አምስተኛ ክፍል ሳለች ነው። ሆዴን እንዳለ ሳይከርም አለፈ። ትቶላት የሄደው ሁለት ጥማድ መሬት፣ አንድ ያረጀ በሬና ሀፊዛን ብቻ ነው። በሬውን የኑርዬ ታናሽ ወንድም ሀሚድ ከራሱ በሬ ጋር እያቀናጀ ያርስላት ጀመር። በማለዳ ወጥቶ መጀመሪያ የእሷን ማሳ ያርሳል፤ የራሱን የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ዝናቡ ጥሎ ጊዜው ሲጣበብ እንኳ ተራውን አላፋለሰም። ለዚህ ሥራው ምስጋና ጠብቆ አያውቅም፤ ፈዲላም ረስታለት አታውቅም።

ሀፊዛ አሥረኛ ክፍልን ስትጨርስ ነጥብ አልመጣላትም። ያኔ የመንደሩ ልጃገረዶች ተራ በተራ ወደ ሳዑዲ ይሄዱ ነበር። "እማ፣ እኔም ልሂድ" አለች። ፈዲላ አለቀሰች፤ እንባዋን ጠርጋ ደግሞ ገንዘብ ፍለጋ ወጣች። ባንክ አያበድራትም፤ ቢያበድራትም ወለድ ሀራም ነው ብላ አትወስድም። ስለዚህ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው መሬቷን ሐይቅ ከተማ ለሚኖረው ለእህል ነጋዴው ለማህዲ በወለድ አገድ ሰጠች። ማህዲ ብሩን ቆጥሮ ሰጣት፤ ብሩ እስኪመለስለት ድረስ ማሳዋን እያሳረሰ ምርቱን ይወስዳል። አንድ ዓመት ወሰደ። ሁለተኛም ወሰደ። ጤፉን በላ፣ ሽንኩርቱን ሸጠ፤ ዕዳዋ ግን ከነበረበት አንዲት ብር አልቀነሰም። ወለድ አልነካም ያለችው ፈዲላ በገዛ ማሳዋ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆና የማህዲን ሽንኩርት ኮተኮተች።

"ይሄ ታዲያ ወለድ ካልሆነ ምንድን ነው?" ብላ ሀሚድን ጠየቀችው።

"ዝም በይ እቴ" አለ እየሳቀ። "ሼኹ ከሰሙ አንቺንም ማህዲንም በአንድ ገመድ ነው የሚያስሯችሁ።"

ሀፊዛ ሪያድ ውስጥ ልጅ የበዛበት ትልቅ ቤት ገብታ ነበር። መጀመሪያ የላከችው ገንዘብ በሙሉ መሬቱን ከማህዲ እጅ ማስለቀቂያ ሆነ። መሬቱ ሲለቀቅ ፈዲላ ማሳው መሐል ቁጭ ብላ አፈሩን በእጇ አሸችው። በዚያው ሰሞን በስልኳ የሀፊዛ የተቀዳ ድምፅ መጣላት።

"እማ፣ በደንብ ስሚኝ። ከእንግዲህ የምልከው ሁለት ዓይነት ነው። ትንሹ የወጪ ነው፤ ዘይት፣ ስኳር፣ ማዳበሪያ ግዢበት። ትልቁን እንዳትነኪው። እሱ የሱቅ ነው። ስመለስ ሐይቅ ከተማ የልብስ ሱቅ እከፍታለሁ፤ ሁለተኛ የሰው ሽንት ቤት አላጥብም። እማ፣ ትሰሚኛለሽ? አማና ነው፣ አደራ።"

ፈዲላ ደጋግማ ሰማችው። ሀፊዛ ስትሄድ በራሷ ስም የተከፈተ የባንክ ደብተር አልነበራትምና ገንዘቡ የሚገባው በእናቷ ስም ነበር። ትልቁም ትንሹም፣ የወጪውም የሱቁም፣ እዚያው አንድ ደብተር ላይ ያርፋል።

በተከታዩ ዓመት ክረምቱ ሳይገባ ሙዓዝ የሚባል ወጣት መጣ። የሴቶች የቁጠባ ማኅበር ለማቋቋም ነው የመጣው። ጫማው የተወለወለ ነበር፤ ቀበሌው ግቢ እስኪደርስ ጭቃ በጭቃ ሆነ። ሴቶቹ በድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁት።

"ገቢ ማለት ምንድን ነው?" ብሎ ጀመረ።

"የሚገባ!" አለች የፈዲላ ጎረቤት መስኡዳ።

"ወጪስ?"

"ከገባው በላይ የሚወጣ!"

"ብድርስ?"

"እሱን ባሌን ጠይቀው። የትና የት እንዳለበት እኔም አልደረስኩበትም።"

ሴቶቹ ተንጫጩ፤ ሙዓዝም አብሮ ሳቀ። "ቁጠባስ?" ሲል ግን ተያዩ።

"የተረፈ ነዋ" አለች አንዷ ፈራ ተባ እያለች።

"የተረፈ አይደለም። እስኪተርፍ ከጠበቃችሁ ምንም አይተርፍም። ቁጠባ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳ ነው። ከተነሳ በኋላ ደግሞ ሰው መጥቶ ሲጠይቃችሁ የለም የምትሉት ገንዘብ ነው።"

ፈዲላ እጇን አነሳች። "አለ እኮ" አለች።

"አዎ፣ አለ። ግን የለም ይላሉ።"

"ታዲያ ውሸት ነዋ!"

"ውሸት አይደለም እናቴ። የነገ ስለሆነ ነው። ዛሬ የለም።"

"እያለኝ የለኝም ብዬ የተቸገረ ሰው ከመለስኩ፣ ነገውንስ አላህ ይሰጠኛል?"

መስኡዳ በክርኗ ጎሸመቻትና "ተዋት ሙዓዝ፣ እሷ የምትቆጥበው ለጀነት ነው" አለች። ግቢው በሳቅ ሞላ። ሙዓዝ ግን አልሳቀም። "የራስዎ ከሆነ ይስጡ" አላት። "የራስዎ ካልሆነስ?"

ፈዲላ ቤቷ እስክትደርስ ስታስበው ቆየች፤ ከዚያ ከብቷን ልታስገባ ሄደች።

ሽንኩርቱ ተነቅሎ ሳያልቅ ሀሚድ መጣ። ከአሱር ሰላት በኋላ ነበር። በር ላይ ቆመና እንደ ወትሮው ዘው ብሎ አልገባም።

"ግባ እንጂ፣ እንግዳ ሆንክ እንዴ?"

ገብቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ቆቡን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። "ሙስዓብ አልቀመጥ አለኝ እቴ" አለ። ሙስዓብ የበኩር ልጁ ነው፤ ከንፈሩ ላይ ገና ጢም ያልጠቆረለት፣ ሳቂታ ልጅ። "ጓደኞቹ በጅቡቲ በኩል ተሻግረው ገብተዋል። ብከለክለውም ጠፍቶ ይሄዳል። ጠፍቶ ከሚሄድ ደላላውን እኔ ላናግርለት ብዬ ነው። መቶ ሃያ ሺህ ይላሉ።"

ፈዲላ የሀፊዛ ድምፅ ታወሳት፤ የሙዓዝም ጥያቄ። ቀና ስትል ግን ያየችው የሀሚድን እጅ ነው። እርፍ የሚይዘው እጅ ጉልበቱ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ስንት ክረምት ከራሱ ማሳ በፊት የእሷን ያረሰ እጅ።

"ያለው የሀፊዛ ነው" አለች ቀስ ብላ።

"ሀፊዛስ የኔ ልጅ አይደለችም ወይ? ሙስዓብ ገብቶ መላክ ሲጀምር መጀመሪያ የሷን ነው የምመልስላት።"

መቼ እንደሆነ አልጠየቀችውም። በእነሱ አገር በዘመድ መካከል ቀን መቁረጥ አላምንህም ማለት ነው። ምስክር መጥራት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ ሌባ ነህ እንደ ማለት ነው። ገንዘቡን በእጁ ስታስረክበው እንደ ደንቡ ሁለቱም መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ልጁ በሰላም እንዲገባ፣ ሲሳዩ እንዲሰፋ ለመኑ፤ አሚን አሉ።

"ሲገኝ እመልሳለሁ" አለ ሀሚድ።

"ሲገኝ" አለች ፈዲላ። ውላቸው ይኸው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ገንዘቡ የሟሸሸው በትንንሹ ነው። የቅሬው ዳኛ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የሚቀባበርበት ማኅበር ነውና፣ አረብ አገር ልጅ ያለው ሰው መዋጮውን አጥፎ ይክፈል አሉ፤ ከፈለች። መስኡዳ ምጥ ጠንቶባት ደሴ ተወስዳ በቀዶ ሕክምና ስትገላገል የመኪናውንም የመድኃኒቱንም ሰጠች። የማዳበሪያ ዋጋ ጨመረ። የቤቷ ሣር አፍስሶ ሀፊዛ የላከችው ብርድ ልብስ ሲበሰብስ ቆርቆሮ አስመታች፤ ቤቱስ ለልጄ አይደል ብላ። የእናቷ ሞት መጣና ለሦስት መንደር ሰው በሬ ታረደ። እያንዳንዱ ምክንያት ነበረው፤ እያንዳንዱም እውነት ነበር።

ሀፊዛ ስትደውል ሁልጊዜ "የሱቁ አለ?" ትላለች።

"አለ፣ አልሐምዱሊላህ።"

ፈዲላ ይህን ስትል የምትዋሽ አይመስላትም ነበር። ለሰው የሰጠችው ሰው ጋ አለ፤ ጠፋ አይባልም። ደብተሩ ላይ ያለው ቢያንስ ሀሚድ ጋ ያለው አለ። እንዲህ እየደመረች ትተኛ ነበር።

አንድ ጁምዓ ሀፊዛ ደወለች። "እማ፣ መጣሁልሽ" አለች። ድምፅዋ ግን የደስታ ብቻ አልነበረም። "ጀርባዬ አልቻለም። ኮንትራቴም አልቋል። ዙለይሃን ታውቂያት የለ፣ ዋናው መንገድ ላይ ሱቅ ያላት? ልጇ ጋ አዲስ አበባ ልትገባ ነው፤ ሱቁን ከነዕቃው ልትለቅልኝ ተነጋግረናል። የስድስት ወር ኪራይና የዕቃውን ግማሽ እንደገባሁ እከፍላታለሁ።"

በማግስቱ ፈዲላ ሀሚድ ቤት ሄደች። አጥር ሲያጥር አገኘችው። በረቱ ባዶ ነው፤ ከብቱ ለግጦሽ ወጥቶ ይሆናል ብላ አለፈችው። ሚስቱም ከጓዳ አልወጣችም።

"አማን ነህ ሀሚድ?"

"አልሐምዱሊላህ። አማን ነሽ እቴ?"

"ሀፊዛ ልትመጣ ነው።"

"ማሻአላህ!" አለ፤ እጁ ግን እሾሁ ላይ እንደቆመ ቀረ።

"ሱቅ ልትከፍት ነው... ሐይቅ።"

ሀሚድ እሾሁን እያስተካከለ ቆየ። "ሙስዓብ ገና አልተረጋጋም" አለ ሳያያት። "ሲገኝ ነው ያልነው።"

"አዎ፣ ሲገኝ ነው ያልነው።" ፈዲላ ደነገጠችለት። "አብሽር፣ እኔ እንዲያው ልንገርህ ብዬ ነው" ብላ ልትጠይቅ የሄደችውን ሰው አጽናንታ ተመለሰች።

ሀፊዛ ስትመጣ መንደሩ ሁሉ ተሰበሰበ። ከስታ ነበር፤ የጣቶቿ ቆዳ በበረኪና ተልጦ ነጥቷል፤ ስትቀመጥ ወገቧን ትይዛለች። ሀሚድም መጣ፤ ግንባሯን ስሞ፣ መርቆ፣ ቶሎ ወጣ። እንግዳው እንደቀለለ ሀፊዛ እናቷን ይዛ በባጃጅ ወደ ሐይቅ ወረደች። ዙለይሃ ቁልፉን ይዛ እየጠበቀች ነው።

ፈዲላ መንገዱን ሁሉ ልትነግራት ነበር። ጠመዝማዛው ጋ ስንደርስ እነግራታለሁ አለች፤ አለፈ። አስፋልቱ ጋ አለች፤ አስፋልቱም አለፈ። ሀፊዛ ስለ መደርደሪያ፣ ስለ ሕፃናት ልብስ፣ ከኮምቦልቻ ስለሚመጣ ዕቃ ታወራለች። አንዴማ "አሻንጉሊት ነገር አቆማለሁ፣ ቀሚስ የማለብሳት፤ አንቺን ትመስላለች፣ ረጅም" ብላ ሳቀች። ፈዲላም ሳቀች። የባንኩ በር ላይ ደረሱ።

ገንዘብ ከፋይዋ ልጅ በመስኮቱ ውስጥ "ስንት ልስጥዎት?" አለቻት ፈዲላን።

"ሁለት መቶ ሺህ" አለች ሀፊዛ።

ልጅቱ ኮምፒውተሩን አየች፤ ፈዲላን አየች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ሠላሳ ስምንት ሺህ ነው ያለው" አለች።

"ሌላ ደብተር ነው እንግዲህ" አለች ሀፊዛ ሳትደናገጥ። ወደ እናቷ ዞረች። "እማ፣ ሌላ ደብተር አለሽ?"

"የለኝም።"

ከኋላቸው የተሰለፈ ሰው አሳለ። ሀፊዛ ደብተሩን ከመስኮቱ ወሰደችና ወጣች።

ውጭ፣ አጥሩ ጥግ ተቀመጡ። "ሀሚድ ጋ አለ" አለች ፈዲላ። "ሙስዓብን ሊልክ... መቶ ሃያ። ሌላው..." ብላ በጣቷ ቆጠረች፤ ቅሬውን፣ መስኡዳን፣ ቆርቆሮውን፣ ለቅሶውን።

"አለ ትዪኝ ነበር" አለች ሀፊዛ በመጨረሻ።

"አለ እኮ ልጄ፣ ሀሚድ ጋ አለ።"

"እሱ ቁጠባ አይደለም እማ፣ ብድር ነው። ያበደርሽው ደግሞ የኔን ነው።"

ቁጣ ቢሆን ፈዲላ ትችለው ነበር። ሀፊዛ ግን የተናገረችው እንደ ደከመ ሰው ነው። ተነሥታ ባጃጅ አስቆመችና እናቷን አሳፍራ በቀጥታ ወደ አጎቷ ቤት አስነዳች።

ሀሚድ ደጅ ላይ ነበር። "አጎቴ፣ የሙስዓብን ስልክ ስጠኝ" አለች ሳትቀመጥ። "እኔ ራሴ ላናግረው። እዚያ የሚሠራ ሰው በየወሩ ትንሽ ትንሽ መክፈል አያቅተውም። እኔ አውቀዋለሁ።"

ከጓዳ የሀሚድ ሚስት ልቅሶ ተሰማ፤ አፏን በነጠላዋ ይዛ የምታለቅስ ሰው ድምፅ።

ሙስዓብ አልገባም ነበር። የመን ላይ ደላሎቹ ያዙት። ደውለው ሲደበደብ ለአባቱ አሰሙት፤ ሀሚድ በሬውን ሸጦ ላከ። ደግመው ደወሉ፤ ላሙንም ሸጠ። ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። ዝም ካለ ሁለት አዝመራ አልፏል፤ የፈዲላን ማሳ ሲያርስ የከረመው በተዋሰው በሬ ነበር፣ በሬዬን ለወጥኩት ብሏት።

"ለምን አልነገርከንም?" አለች ፈዲላ፤ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ።

"ከነገርኩ ቅሬው ለቅሶ ይቀመጥብኛል እቴ። ለቅሶ ከተቀመጡ ደግሞ ሞተ ማለት ነው።"

ሀፊዛ ስልኩን ልትቀበልበት የዘረጋችውን እጅ መለሰች። አውፍ ብያለሁ፣ ትቼልሃለሁ አላለችም፤ ክፈለኝም አላለችም። ወገቧን ይዛ ወደ ቤት ሄደች፤ ቤት ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አድርጋ ተኛች።

ዙለይሃ እስከ ገበያ ቀን ጠበቀች። ከዚያ ሱቁን ለሌላ ሰው ለቀቀች። ሀፊዛ ሠላሳ ስምንቱን ሺህ አውጥታ እንደገና የጤና ምርመራ አደረገች፣ ፓስፖርቷን አሳደሰች፣ ኤጀንሲ ተመዘገበች። ሐኪሙ ስለ ጀርባዋ ሲጠይቃት ደህና ነው አለችው። በዚያው ሰሞን በራሷ ስም ደብተር አወጣች። ፈዲላ አጠገቧ ተቀምጣ ስትፈርም አየቻት፤ እናቷ ነሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ የእሷ ፊርማ አያስፈልግም።

የመሄጃዋ ቀን ሐይቅ መናኸሪያ ቆሙ።

"የወጪውን እልክልሻለሁ እማ። የሱቁን በራሴ ደብተር አስገባለሁ።"

"እሺ።"

"አጎቴን ደግሞ ጠይቂው።"

"ከየት ያመጣል ልጄ? በሬ የለው፣ ልጁ..."

"ዛሬ አያምጣ። ቀን ይቁረጥ። በዓመትም ይሁን፣ ትንሽ ትንሽም ይሁን። ቀን የሌለው ገንዘብ የኔ አይደለም። እኔ ጀርባዬ እስከ መቼ እንደሚሸከመኝ አላውቅም።" የእናቷን እጅ ያዘች። "ትጠይቂዋለሽ?"

"እጠይቀዋለሁ።"

"ወላሂ በይ።"

"ወላሂ።"

መኪናው ወደ ደሴ ዞሮ ከዓይኗ ሲሰወር ፈዲላ ሀፊዛ የተወችላትን የልብስ ጥቅል ይዛ በእግሯ ወደ መንደሯ ተነሣች። ባጃጁ ሲጠራት በእጇ አሳለፈችው። ዳገቱ ላይ ስትደርስ ሀሚድ መቆፈሪያ ተሸክሞ ከኋላዋ ደረሰባት። አሁን የሚውለው በሰው ማሳ ላይ ነው።

"አሰላሙ አለይኩም እቴ።"

"ወአለይኩሙ ሰላም። አማን ዋልክ? ቤቱ አማን ነው?"

"አማን ነው። ልጅቱ ሄደች?"

"ሄደች።"

"አላህ በሰላም ያግባት።" ጥቅሏን ከእጇ ተቀበለና ትከሻው ላይ አደረገው። ጎን ለጎን ወጡ። ስለ ዝናቡ አወራ፤ ስለ ሽንኩርቱ ትል አወራ። እሷ አልሰማችውም።

"ሀሚድ።"

"ወይ እቴ።"

"የሀፊዛን ገንዘብ መቼ ነው የምትመልሰው?"

ቆመ። እሷም ቆመች። ኑርዬ ከሞተ ጀምሮ በመካከላቸው እንዲህ ያለ ቃል ወጥቶ አያውቅም።

"ሲገኝ ነበር..." ብሎ ሳይጨርሰው ተወው።

"ቀን ቁረጥልኝ" አለች። ድምፅዋ ለራሷም የሌላ ሰው ሆነባት።

ሀሚድ ፊቱን ቁልቁል ወደ ሐይቁ አዞረ። "ጥር" አለ።

"ስንት?"

"አምስት ሺህ። የቀን ሥራው ካልጠፋ።"

"ከዚያስ?"

"ሰኔ።"

"ስንት?"

"አላውቅም እቴ።"

"አምስት በለው።"

"አምስት።"

መዳፉን የዘረጋ የለም። ሀሚድ ጥቅሏን ከትከሻው አውርዶ፣ እንዳይቆሽሽ አይቶ፣ ሣሩ ላይ አስቀመጠው። "የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ" አለና በአቋራጩ ታጥፎ ወረደ፤ የሁለቱም ቤት ግን በዚያው በዳገቱ መንገድ ነበር። ፈዲላ ከዓይኗ እስኪጠፋ አየችው። ከዚያ ጥቅሏን አነሣችና ብቻዋን ወጣች።